የቆሰለች ዶሮ በጅቡቲ ሙቀት እንዴት ትጠበቃለች?

ዶሮ በሰው ቤት አጠገብ ከሚያድሩት ትንንሽ እንስሳት አንዷ ብትሆንም ለቤተ ሰቡ የምትሰጠው ጥቅም አነስተኛ አይደለም። በተለይም እንደ ጅቡቲ ባለ ከተማ፣ ከሀገሩ መሬት ሊታረስ የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላበትና የሚበላው አብዛኛው ነገር በመርከብ፣ በባቡርና በካሚዮን ከውጭ በሚገባበት ስፍራ፣ በግቢ ውስጥ የምትጭር አንዲት ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ገበያ ሳይወጣ የሚገኝ ምግብ ነው። በባልባላም ይሁን በቁጥር በሚጠሩት ነባር ሠፈሮች፣ ወይም በአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች አጠገብ፣ ሦስትና አራት ዶሮ የያዘ ቤተ ሰብ አንዲቱ ብትሞትበት የሀብቱን ሩብ ወይም ሲሶ አጣ ማለት ነው።

ዶሮ ደግሞ በቀላሉ ትጎዳለች። ድመት ትነክሳታለች፣ ውሻ ያሳድዳታል፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ይቆርጣታል፣ ሽቦ እግሯን ይይዛታል፣ አውራ ዶሮ ጀርባዋን ይልጠዋል፣ ጫጩቶቿንም በከተማው ላይ የሚያንዣብበው የሕንድ ቁራ ይነጥቅባታል። ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ ደሙ ከቆመና ዶሮዋ በእግሯ ከሄደች ነገሩ ያለፈ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የቆሰሉ ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት ከቁስሉ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በጥማት፣ በሙቀት፣ በዝንብ ትልና በረኃብ ነው። ስለዚህ ዶሮዋን የሚያድናት መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ በየቀኑ በሥርዓት የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ዶሮ ሕመሟን የምትሸሽግበት ምክንያት

ዶሮ ሌሎች አራዊት የሚያድኗት ፍጥረት ናት። ደካማነቷን የምታሳይ ዶሮ በአዳኙ ዘንድ ቀድማ ትመረጣለች፤ በመንጋዋም መካከል ማዕረጓን ታጣለች፤ ከበታቿ የነበሩት ሳይቀሩ ይወጓታል። በዚህ ምክንያት በተፈጥሮዋ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። ሰው ሲመጣ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ሰው ሲሄድ ትንጠፈጠፋለች። ባለቤቱ ታመመች ብሎ በሚያውቅበት ሰዓት ሕመሙ ብዙ ቀን ያስቆጠረ ይሆናል። እንግዲህ ዶሮዋን ለማወቅ ከሩቅ፣ እርስዋ ሳታይ፣ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ መመልከት፣ ከዚያም በእጅ ይዞ መዳሰስ ያስፈልጋል። በዓይን ብቻ የተመለከተ ሰው ላባውን አይቶ ሥጋውን አላየም።

የመጀመሪያው ሰዓት

አደጋው እንደ ደረሰ ዶሮዋን በፎጣ ወይም በነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር አስጠግቶ ማንሣት ይገባል። ደረቷን አጥብቆ መያዝ ግን አደገኛ ነው። ዶሮ እንደ ሰው ሆድና ደረትን የሚለይ የመተንፈሻ ሥጋ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ ደረቷ ከተጨመቀ በሰው እጅ ውስጥ ታፍና ልትሞት ትችላለች።

ደም የሚፈስሳት እንደ ሆነ በንጹሕ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሳያነሡ መጫን ነው። አንድ ኪሎ የምትመዝን ዶሮ በሰውነቷ ውስጥ ያላት ደም በጠቅላላው አንድ የቡና ስኒ ያህል ነው። ስለዚህ በትልቅ እንስሳ ላይ ጥቂት የሚመስለው ደም ለዶሮ ብዙ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ቀጥሎ ላባውን ገለጥ አድርጎ ቁስሉን መፈለግ ነው። የድመት ጥርስ የገባበት ቦታ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ስለ ሆነ በላባ ሥር ይሰወራል፤ ነገር ግን በድመት አፍ ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን በጥልቀት ስለሚገቡ ከሰፊ ቁስል ይልቅ ይህ ቀዳዳ ይከፋል። በድመት የተነከሰች ዶሮ ደኅና ብትመስልም እንኳ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ብትታይ የተሻለ ነው።

ለማጠቢያ የሚሆነው አንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ጨምሮ፣ አቀዝቅዞ ቁስሉ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። በልማድ የሚደረገው አመድ መነስነስ፣ ጋዝ መቀባትና የቡና ዱቄት መጠቅጠቅ መቅረት አለበት። ጋዝ ሥጋውን ያቃጥላል፤ ዱቄቱና አመዱም ደሙን ለጊዜው ቢያቆሙ በቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ትተው መግል ያበጃሉ። ለሰው ተብሎ የተሠራ የሚያደነዝዝ ቅባትም በዶሮ ትንሽ ሰውነት ላይ በቀላሉ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

የደጋ ምክርና የጅቡቲ ሙቀት

በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ያለ ዶሮ አርቢ የቆሰለች ዶሮ ሲይዝ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ማሞቅ ነው፤ በዚያ ብርድ ትክክል ያደርጋል። ያንኑ ምክር በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚፈጽም ሰው ግን ዶሮዋን በገዛ እጁ ይገድላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ዶሮ ላብ የምታልብበት ዕጢ የላትም። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ እንደ ሆነ ትርፉ ሙቀት ከራሷ ቀይ ሥጋ፣ ከእግሯና ላባ ከሌለበት ቆዳ ወደ አየሩ ይወጣል። በጅቡቲ በበጋው ወራት አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ግን ሙቀቱ የሚወጣበት አቅጣጫ የለውም። የሚቀራት አንድ መንገድ አፏን ከፍታ በማለክለክ ከሳንባዋ ውኃ ማትነን ነው። ባሕሩ ቅርብ ስለ ሆነ አየሩ እርጥብ በሚሆንበት ሰዓት ይህም መንገድ ይጠባል። ቆስላ ደም የፈሰሳት ዶሮ ደግሞ የምታተንነው ውኃ ከጤነኛዋ ያነሰ ነው።

ስለዚህ የማረፊያዋ ቦታ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር መሆን የለበትም። በግድግዳ ጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ ሣጥን ወይም ቅርጫት ውስጥ ማኖር ነው። ቅርጫቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ቢጣል መልካም ነው፤ ነገር ግን ነፋስ እንዲገባ ሁለቱ ጎኖች ክፍት ይሁኑ። ከሥሯ የሚነጠፈው ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ አሸዋና ገለባ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ግን ደሙም መግሉም ኩሷም በግልጥ ይታያል።

ውኃው ቀዝቀዝ ያለ፣ በጥላ የተቀመጠና በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚለወጥ ይሁን። ዶሮ በመካከለኛ አየር ከምትበላው ምግብ ክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ውኃ ትጠጣለች፤ በብርቱ ሙቀት ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ራሷን ችላ የማትጠጣ እንደ ሆነች ውኃውን በመንቁሯ ጎን በኩል ጠብ ጠብ እያደረጉ እንድትውጠው መጠበቅ ነው። አፏን ከፍቶ ማፍሰስ አይገባም፤ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሚገኝ ውኃው ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ምግቡ ሙቀት ሳይበረታ፣ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይሰጣት። የሚፈጭ ምግብ በራሱ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ስለሚፈጥር ቀትር ላይ ማብላት ይጎዳታል። ማሽላ ተቀቅሎ፣ ሩዝ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር፣ ወይም በከተማው ሁሉ የሚገኘው የፈረንጅ ዳቦ ሻጋታ ሳይነካው በውኃ ርሶ ቢሰጥ ያረካታል። ሐብሐብም ውኃም ምግብም ይሆናታል።

በየቀኑ የሚመረመሩት አምስት ነገሮች

ባለቤቱ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጠዋትና ማታ የሚከተሉትን ቢጽፍ፣ ዶሮዋ የምትድን ወይም የምትደክም መሆኗን ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

አንደኛ፣ የእህል ከረጢቷ ነው። ከአንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በላይ በስተ ቀኝ በኩል ሲዳሰስ የሚገኘው ይህ ከረጢት ማታ ሞልቶ፣ ጠዋት ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። ማታ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ አልበላችም፤ ጠዋት ሞልቶ ያደረ እንደ ሆነ የበላችው አልወረደም። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ጥሬ ተበትኖላት ፊቷን የምታዞር ዶሮ ብርቱ ሕመም ይዟታል።

ሁለተኛ፣ ኩሷ ነው። የጤነኛ ዶሮ ኩስ ጠንከር ብሎ በላዩ ነጭ ነገር ይታይበታል፤ በቀን ጥቂት ጊዜም ቡናማና የሚያጣብቅ ኩስ ብትጥል ጤና ነው። ኩሱ ቀጭንና አረንጓዴ ሲሆን ሆዷ ባዶ ሆኖ ሐሞት ብቻ እየወጣ መሆኑን ያመለክታል። እንዲህ ያለው ኩስ ከአንድ ቀን በላይ ከቀጠለ ያሠጋል።

ሦስተኛ፣ ክብደቷ ነው። በየጠዋቱ ከምግብ በፊት በሱቅ ሚዛን መመዘን ይቻላል። ሚዛን የሌለው ሰው የደረት አጥንቷን በጣቱ ይዳስስ፤ በሁለቱ ጎን ያለው ሥጋ እየጎደለ አጥንቱ እንደ ቢላዋ እየሰላ ከሄደ እየከሳች ነው። ከክብደቷ አሥረኛውን ያጣች ዶሮ የሐኪም እርዳታ ያስፈልጋታል።

አራተኛ፣ የራሷ ቀይ ሥጋና አተነፋፈሷ ነው። ሥጋው ቢገረጣ የደም ማነስ፣ ቢጠቁር ወይም ቢሰማያዊ የትንፋሽ እጥረት ምልክት ነው። በቀትር ማለክለክ የሙቀት ነው፤ በቀዝቃዛው የንጋት ሰዓት አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነች ግን ችግሩ ከውስጥ ነው።

አምስተኛ፣ ቁስሉ ራሱ ነው። መታየት ያለበት መጠኑ ብቻ ሳይሆን ሽታውም፣ ሙቀቱም፣ በዙሪያውም የዝንብ እንቁላል መኖር አለመኖሩ ነው።

ቁስሉ ሲድን የሚያሳየው መልክ

የዶሮ ቁስል የሰውን ቁስል ስለማይመስል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ አረንጓዴ ሲሆን ሥጋው የበሰበሰ የሚመስላቸው አሉ። ይህ የፈሰሰው ደም በቆዳ ሥር ሲለወጥ የሚያሳየው ቀለም ነው፤ ሽታ ከሌለውና ዶሮዋ ከበላች የመዳን መንገድ ነው። በአንጻሩ መግሏ እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ይረጋል። ስለዚህ ፈሳሽ አላየሁም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ከቆዳዋ ሥር ጠንካራ እብጠት ከተገኘ ውስጡ የረጋ መግል ሊሆን ስለሚችል በጣት ሳይጨምቁ ለሐኪም ማሳየት ነው።

ቆዳዋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲዳሰስ የሚንኮሻኮሽ እንደ ሆነ፣ በሰውነቷ ውስጥ ካሉት የአየር ከረጢቶች አንዱ ተቀዷል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ራሱ ይድናል፤ ትንፋሿን የሚያውካት ከሆነ ግን ሐኪም አየሩን ያወጣላታል።

በጅቡቲ ከሁሉ የከፋው ጠላት ዝንብ ነው። በዚህ ሙቀት ዝንብ የጣለችው እንቁላል አንድ ቀን ሳይሞላው ትል ይሆናል፤ ትሉም ሕያው ሥጋ ይበላል። ቁስሉ በቀን ሁለት ጊዜ መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። የማረፊያው ቅርጫት በአጎበር ጨርቅ ቢሸፈን ዝንብ አይደርስባትም። ትል የተገኘ እንደ ሆነ በጨው ውኃ እያጠቡ በወረንጦ አንድ በአንድ መልቀም፣ ከዚያም በየሰዓቱ መመልከት ነው። የላባ ሥርና የእንቁላል መውጫዋ ዙሪያም አብሮ ይመርመር።

ስለ ተሰበረ አጥንት

ክንፏ የተሰበረ እንደ ሆነ በተፈጥሮ አስተጣጠፉ አጥፎ ከሰውነቷ ጋር በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ነው፤ ማሰሪያው ግን ደረቷን የማያጨንቅ ይሁን። የዶሮ አጥንት ሦስት ሳምንት ያህል ከተጠበቀ ይገጥማል። የክንፉ የላይኛው አጥንት ከአየር ከረጢቷ ጋር የተገናኘ ስለ ሆነ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ እንደ ሆነ በዚያ በኩል ውኃ ማፍሰስ አይገባም። አጥንቷ የወጣ፣ አንጀቷ የተገለጠ ወይም ሁለቱም እግሮቿ ያልታዘዙላት ዶሮ ሐኪም ቶሎ ካልተገኘላት፣ ከምትሠቃይ ያለ ማዘግየት መገላገሏ ምሕረት ነው። መድኃኒት የተሰጣት ዶሮ ግን ሥጋዋም እንቁላሏም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይፈጸም ለምግብ አይውልም።

ቁስል ነው ወይስ በሽታ?

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁሉ ለባለሥልጣኑም ለባለቤቱም የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው። ዶሮ ክንፏ ሲወድቅ፣ እግሯ ሲያነክስ ወይም አንገቷ ሲጣመም ባለቤቱ «አንድ ነገር መታት» ይላል። እነዚሁ ምልክቶች ግን በአማርኛ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ በሽታ ምልክቶችም ናቸው። ፈንግል የገባበት መንጋ አረንጓዴ ተቅማጥ ያወርዳል፣ በአፉ ይተነፍሳል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ብዙውም በጥቂት ቀን ይረግፋል። በአንዲት ወጣት ዶሮ ላይ አንዱ እግር ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ቢታይ የማሬክ በሽታ ሊሆን ይችላል። በራሷ ሥጋና በዓይኗ ዙሪያ የሚታየው ቅርፊትም ሁሉ የመወጋት ቁስል አይደለም፤ የወባ ትንኝን በመሳሰሉ ትንኞች የሚተላለፈው የዶሮ ፈንጣጣ እንዲሁ ያለ ቅርፊት ያበጃል።

መለያው ይህ ነው፤ ቁስል ያለባት ዶሮ አንዲት ናት፤ ጉዳቷም በሚታይ ቦታ ላይ ነው። በላባዋ ሥር ተፈልጎ ቁስል ካልተገኘ፣ ወይም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሌላይቱም ከታመመች፣ ነገሩ ከአደጋ አልፎ በሽታ ሆኗል። እንዲህ ሲሆን ዶሮ መሸጥ፣ ለጎረቤት መስጠት፣ የሞተችውን መንገድ ላይ መጣል ክልክል ነው ብሎ መያዝና ለመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች ወዲያው ማስታወቅ ይገባል። ጅቡቲ ይህን በከባድ ትምህርት ታውቀዋለች። በግንቦት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ኤች5 ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን በሀገሩ ዶሮዎች ላይና በአንድ ሕፃን ላይ መገኘቱ ተረጋገጠ፤ በአፍሪካ ቀንድ በሰው ላይ የታየ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የታመመች ዶሮ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የቆሰለችውንም ሆነ የታመመችውን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃናትም ከቅርጫቱ ይራቁ።

ፈንግልን በክትባት መከላከል ይቻላል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ከሚሠራቸው ክትባቶች መካከል ሙቀት የሚችልና በዓይን ውስጥ በጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት ይገኝበታል። ማቀዝቀዣ በማይበዛበት ቆላ ሀገር እንዲህ ያለው ክትባት ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን ክትባት ለጤነኛ ዶሮ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ የቆሰለችው እስክትድን መጠበቅ ይሻላል።

ወደ መንጋዋ መመለስ

ዶሮዎች ቀይ ነገር ሲያዩ መውጋት ልማዳቸው ስለ ሆነ፣ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ሳይሸፍነው ታማሚዋን ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የዳነውን መልሶ ማቁሰል ነው። ጨርሶ ከዓይናቸው የራቀች ዶሮ ደግሞ ስትመለስ እንደ እንግዳ ተቆጥራ ትደበደባለች። ስለዚህ ቅርጫቷ ሌሎቹ በሚያዩአት ቦታ፣ በሽቦ ተለይቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። ትንሽ ቁስል በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ሰፊው ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል። ከሥሩ የተነቀለ ላባ በጥቂት ሳምንት ይበቅላል፤ ተሰብሮ ሥሩ የቀረው ግን ዶሮዋ ላባዋን እስክታራግፍ ድረስ አይተካም። የመመለሻዋ ሰዓት ማታ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ይሁን፤ በማግስቱም ጠዋት ባለቤቱ ከአጠገባቸው አይራቅ። እንቁላል መጣል ያቆመች እንደ ሆነ አያስደንቅ፤ ሰውነቷ ኀይሉን ለቁስሉ አውሎታል፤ ክብደቷ ሲመለስ እንቁላሏም ይመለሳል።

እንግዲህ የዶሮ ባለቤት ሊዘነጋው የማይገባው ነገር አጭር ነው። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የጨው ውኃ፣ የዝንብ መከላከያ ጨርቅና በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚጻፍ አንድ ወረቀት ከሁሉ ርካሽ የሆኑ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህን የያዘ ሰው ብዙ የቆሰሉ ዶሮዎችን ከሞት ያድናል፤ ሊያድን የማይችለውንም ቶሎ ለይቶ ያውቃል፤ ከዚህም በላይ ቁስል መስሎ የመጣውን በሽታ ከጎረቤቱ ቤት ሳይደርስ በደጁ ያስቀረዋል።